የካፖርቱ ቅምቅማት

ማክሰኞ ከሰዓት፣ በዓሉ እየተቃረበ

ለሩቋ ልጄ፣ ለዓይኔ፤

እንደምታገኚው አውቄ ነው እዚህ የሸሸግኩት። ልጅ ሳለሽ የበዓል ልብስሽን ለብሰሽ ሳትጨርሺ ቅምቅማቱን በጣትሽ ትዳብሺ ነበር። አንዴ ከረሜላ፣ አንዴ ዶቃ፣ አንዴም ቀለበት አግኝተሻል። ወንድምሽ «እማዬ፣ ለእኔስ ሱሪዬ ውስጥ ለምን አትሰፊልኝም?» ብሎ ሲያኮርፍ፣ «አንተማ ቁጭ ስትል ትሰባብረዋለህ» እለው ነበር። ይህንን ከሦስታችን በቀር ማንም አያውቅም። ለባልሽም እንዳልነገርሽው ተስፋ አደርጋለሁ።

አሁን ብቻሽን ካልሆንሽ እዚህ ላይ አቁሚና ወረቀቱን ደብቂ። ሰው በሌለበት አንብቢው።

ካፖርቱ ይሰፋሽ ይሆናል። በላክሽው ፎቶ ከስተሻል፤ እኔ ግን የሰፋሁት በድሮው ልክሽ ነው። ጽሑፌንም አትሳቂበት። ክር እንጂ ብዕር አይታዘዘኝም፤ ይህችን ለመጻፍ ብዙ ቀን ፈጅቶብኛል።

እዚህ መንገዱ ሁሉ የበዓል መብራት ተሰቅሎበታል፤ የእኛ ሕንጻ ብቻ ጨለማ ነው። በየዓመቱ የሚሰቅለው ወንድምሽ ነበራ። ሰፈሩ «አምፖሉ» የሚለው በከንቱ አልነበረም። አምና አንቺ የጉዞ ወረቀትሽን ልታስጨርሺ ሌላ ከተማ ሳለሽ፣ ባልሽ፣ ያኔ ገና እጮኛሽ፣ ላግዘው ብሎ አብሮት ጣሪያው ላይ ወጣ። የሆነውን ታውቂያለሽ። «መታጠቂያውን ታጠቅ ብለው፣ ለአንድ አምፖል ብዬ ነው እንዴ ብሎ እምቢ አለኝ» እያለ ሲያለቅስ ሰው ሁሉ አብሮት አለቀሰ። እኔም አመንኩት። ከዚያ ወዲህ ወንድምሽን በሐሳቤ ስቆጣው ነው የከረምኩት። ከጣሪያ እንዳይወድቅ ሸራ ደርቤ በገዛ እጄ የሰፋሁለትን መታጠቂያ ንቆ ሞተብኝ ብዬ።

ባለፈው ሳምንት ዘበኛችን የመብራቱን ሳጥን ተሸክሞ መጣ። «ጋሼ ቁልፉ» የምንለውን ታስታውሺዋለሽ፣ የኪሱ ቁልፍ ብዛት ሱሪውን የሚያስወልቀው። በሩ ላይ ቆሞ መግባት ፈራ።

«እትዬ፣ አይቀየሙኝ። የሕንጻው ሰዎች ዘንድሮ መብራቱ ይሰቀል አሉ። የጨርቅ ኮከቦቹን ደግሞ አይጥ በልቷቸዋል። ከከበደዎት ለሌላ ልብስ ሰፊ ልስጠው።»

«የምን ሌላ? እኔ ነኝ የሰፋኋቸው። አስቀምጠውና ሱሪህን ሰብስብ» አልኩት።

እሱ ከሄደ በኋላ ኮከቦቹን አንድ በአንድ አወጣሁ። የመብራቱንም ገመድ አወጣሁ። ከሁሉም ሥር መታጠቂያው ተበጥሶ፣ ተጠቅልሎ ተቀምጧል።

መጀመሪያ የመጣብኝን ልንገርሽ። ለካ ታጥቆ ነበር አልኩ። ታጥቆ ከነበረ ደግሞ የተፈታው የእኔ ስፌት ነው፣ ልጄን የገደለው የእኔ ክር ነው አልኩ። መሬቱ ላይ ቁጭ እንዳልኩ ቀረሁ።

ከዚያ እንደምንም ተነስቼ ወደ መስኮቱ ወሰድኩት። ልጄ፣ ስፌቴ ውልፍት አላለም። የተበጠሰው ከስፌቱ ራቅ ብሎ፣ ከጣሪያው ብረት ጋር የሚያያዘው ማሰሪያ ላይ ነው። የሱም አብዛኛው ጫፍ ጥርስ ጥርስ ሆኖ ተቆርጧል። የተቀደደው የቀረችው ትንሿ ብቻ ናት። እሷ ናት እስከ መጨረሻው ይዛው የነበረችው።

ጥርሳሙን መቀሴን አትረሺውም፣ የጨርቅ ጫፍ እንዳይተረተር ጥርስ ጥርስ አድርጎ የሚቆርጠውን። ሽቦ ቆርጠሽበት አንድ ጥርሱን ሰብረሽ፣ ቀኑን ሙሉ አልጋ ሥር ተደብቀሻል። ከዚያ ወዲህ ሲቆርጥ አንድ ቦታ ላይ ይዘላል፣ እንደ ወላቃ ሕፃን። ቁራጭ ሸራ አመጣሁና በሱ ቆረጥኩ። ከማሰሪያው ጫፍ ጎን አስጠጋሁት። ወላቃው ልክ በልክ ገጠመ።

አምና በዚያ ቀን ጠዋት ባልሽ ወደ ማሽኔ መጥቶ፣ «እማማ፣ የስጦታ ወረቀት የምቆርጥበት መቀስ ያውሱኝ» አለኝ። ትልቁን እየሠራሁበት ስለነበር ከግድግዳው ላይ ውሰድ አልኩት። ለሱ መቀስ ሁሉ መቀስ ነው፤ ጥርሳሙን ወሰደ። ልብስ ሰፊ ቢሆን በዚያ መቀስ ያንን ሸራ አይነካም ነበር። ሲመልሰው ደንዟል። «ምነው ልጄ፣ ድንጋይ ነው እንዴ የቆረጥክበት?» ብለው፣ «ወረቀቱ ወፍራም ነው እማማ» አለኝ። ሁለታችንም ሳቅን። ያ ሳቅ አሁን እንቅልፍ ይነሳኛል።

ኮከቦቹን ሊወስድ ሲመጣ ዘበኛውን እንደ ዋዛ ጠየቅኩት።

«ያን ቀን ልጄ ጋ ቀድሞ የደረሰ ማን ነበር?»

«አማችዎ ነዋ። እየሮጠ ወርዶ፣ ትንፋሽ እንዲያገኝ ብሎ ወገቡ ላይ ያለውን ሲፈታለት ደረስኩ። ምን ያለ ደግ ልጅ ነው!»

«ሳጥኑስ?»

«አጠገባቸው ነበር። የተረፈውን ገመድ ላዩ ላይ ጥዬ ምድር ቤት ቆለፍኩበት። ማግስቱን አማችዎ ቁልፉን ስጠኝ ብሎ ለምኖኝ ነበር። እኔ ደግሞ በቁልፍ ቀልድ አላውቅም። ለምን ጠየቁኝ እትዬ?»

«እንዲያው ነው» አልኩት።

ባልሽ በደወለ ቁጥር ምን እንደሚለኝ ታውቂያለሽ? «ያንን የመብራት ሳጥን ያስጥሉት እማማ፣ ሐዘን ነው የሚቀሰቅስብዎት።» ስለ ደግነቱ እመርቀው ነበር። እሑድ ዕለት ደግሞ ሲያነሳብኝ «አቃጠልኩት» አልኩት። ከዚያ ትንፋሹን በረጅሙ ሲለቅቅ ሰማሁት።

«ጎሽ እማማ» አለኝ።

ወንድምሽ ከመሞቱ በፊት በነበረው ቀን ምሳ እየበላን፣ «እህቴ ከዚህ ሰውዬ ጋር የትም አትሄድም። በዓሉ ይለፍና ሁሉንም እነግራችኋለሁ፤ አሁን ደስታችሁን አላደፈርስም» ብሎኝ ነበር። ምን እንዳወቀበት አላውቅም። የወንድም ቅናት ነው ብዬ ተውኩት። ሳይነግርሽ በፊት ለሰውዬው ራሱ ነግሮት ይሆናል። ወንድምሽን ታውቂዋለሽ፣ ሰውን ከጀርባው ማማት አይሆንለትም።

አሁን የምፈራው ላንቺ ነው። ስልክሽን ሁልጊዜ የሚያነሳው እሱ ነው፤ «ተኝታለች» ይለኛል፣ እኩለ ቀን ላይ። ክንድሽ በፋሻ የታሰረበትን ፎቶ ስትልኪ «ደረጃው አዳልጦኝ ነው» ብለሻል። እኔም እሺ ብያለሁ። እስቲ ልጠይቅሽ፣ ደረጃው ነበር?

መልሱን እዚህ መጥተሽ ትነግሪኛለሽ። ካፖርቱ በደረሰሽ ሰሞን ደውዬ በጠና ታምሜያለሁ እላለሁ። አልታመምኩም፤ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። አንቺ ግን ፊቱ አልቅሺና ብቻሽን ነይ። አብሬሽ ልምጣ የሚል አይመስለኝም። ያንን ጣሪያ ቀና ብሎ ማየት አይሻም።

ፖሊስ ጣቢያ ያልሄድኩት አንቺ በሱ ቤት ስላለሽ ነው። እነሱ ጠርተው ሲጠይቁት አጠገቡ መሆን የለብሽም። ደጄን ስትረግጪ አብረን እንሄዳለን። መታጠቂያውን የት እንዳስቀመጥኩት አልጽፍልሽም።

ልጄ፣ እግርሽ ያረፈበት ሁሉ ይሸከምሽ። የያዝሽው አይበጠስብሽ። ወንድምሽን ያጣሁበት በዓል አንቺን ያምጣልኝ።

እናትሽ

አንድ ነገር ቀረኝ። አሁን የተረተርሽውን ክር አንሺና ጫፉን እዪው። ጣቴ ላይ ጠቅልዬ የምቋጥረውን፣ አንቺ «የጉንዳን ራስ» የምትዪውን ቋጠሮ ካየሽበት ማንም አልነካውም። ወረቀቱን ቀዳደሽ ጣይው፤ ቅምቅማቱን መልሰሽ ስፊና ስልኬን ጠብቂ።

ቋጠሮው ሌላ ከሆነ ግን ካንቺ በፊት ከፍቶ ያነበበው አለ። ያኔ ስልኬን አትጠብቂ። ሻንጣም አታውጪ። ካፖርቱን ልበሺና ውጪ።