ሦስተኛው ልኬት

ለውድ እህቴ፣ ለእትዬ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽን እጠይቃለሁ። ያ የሚያሠቃይሽ ወገብሽ ተሻለው ወይ? ባለቤትሽና ልጆችሽስ እንዴት ሰነበቱ? እኔ ለሰላምታው ያህል ደህና ነኝ። ባለፈው በስልክ «እማዬን ትንሽ አሟታል» ብዬሽ ነበር፤ ትንሽ አይደለም። እንዳይዛነፍብኝ የሆነውን በቀን ቅደም ተከተል አስቀምጥልሻለሁ።

የካቲት 3፦ የግድቡ የላይኛው ውኃ ሙቀት 22.6 ዲግሪ። የካቲት 10፦ 23.4። የካቲት 17፦ ደመናና ነፋስ ነበር፤ 21.9። የካቲት 21፦ በከተማው ቧንቧ ሁሉ የእርጥብ አፈር ሽታ። የካቲት 24፦ የቧንቧው ውኃ የምርመራ ውጤት ደረሰኝ፤ ውኃው መርዝ የለበትም። የካቲት 26፦ እማዬ ከጎረቤት ጓሮ ካለው አሮጌ ጉድጓድ መቅዳት ጀመረች። መጋቢት 1፦ ተቅማጥና ትውከት። መጋቢት 2፦ ሁለተኛው ውጤት መጣ፤ ከመጀመሪያው ጋር አንድ ነው። መጋቢት 4፦ ሐኪም ቤት ገባች።

ሙቀቱን ከእማዬ ሕመም ምን አገናኘው እንደምትይ አውቃለሁ። የላይኛው ውኃ ሲሞቅና ሳይናወጥ ሲቆይ ዋቅላሚ፣ ያ ውኃ ላይ የሚንሳፈፈው አረንጓዴ ነገር፣ ይራባበታል፤ አንዳንዱ ዓይነት ያንን የአፈር ሽታ ያመነጫል። ሙቀት ብቻውን አያመጣውም፣ በቀዝቃዛ ውኃ የሚሸትም አለ፤ በእኛ ግድብ ግን አምስት ዓመት መዝግቤ ሽታውን ያየሁት ሙቀቱ ከሃያ ሁለት ዲግሪ በላይ ሲሆን ነው። ክሎሪን ሽታውን አያጠፋውም። መፍትሔው የግድቡን የላይኛውን የውኃ መሳቢያ በር ዘግቶ ከቀዝቃዛው ከታችኛው በር መሳብ ነው። የታችኛው ውኃ ደግሞ ዝገት የመሰለ ቀለም ስለሚያመጣ፣ ሙቀቱ ሦስት ሳምንት በተከታታይ ከሃያ ሁለት ካላለፈ በሩ እንዳይቀየር የሚል መመሪያ አለ። መመሪያውን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

በሩን የሚከፍቱና የሚዘጉ ሽማግሌ አሉ፤ ጧት ጧት ውኃውን በብርጭቆ ቀድተው ስለሚያሸቱ «ጋሽ አፍንጫ» እንላቸዋለን። የካቲት 10 ብርጭቋቸውን ይዘው ላቦራቶሪ መጡና አፈር አፈር ይለኛል፣ ወደ ታችኛው በር ላዙረው ወይ ብለው ጠየቁኝ። አፍንጫ ልኬት አይደለም አልኳቸው። በሳምንቱ ሙቀቱ ሲወርድ ቆጠራውን እንደገና ከአንድ እንደምጀምር ነገርኳቸው። «እንግዲያው ያንን ወረቀትህን በጥብጠህ ጠጣው» ብለውኝ ወጡ። ባልደረቦቼ ሳቁ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ።

የካቲት 25 ምሳ ላይ እማዬ ብርጭቆዋን ገፋ አድርጋ «ልጄ፣ ይሄ ውኃ ይጠጣል?» አለችኝ። የመጀመሪያው ውጤት በቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ እኔም ቢሮ ያንኑ ውኃ እጠጣ ነበር። ሆኖም የሁለተኛውን ናሙና ውጤት እየጠበቅሁ ስለነበር፣ ምርመራ ላይ ነው አልኳት። የተማረ ልጅ ወልጄ ከአፉ አንዲት «አዎ» አጣሁ ብላ ቀለደችብኝ። በማግስቱ ጀሪካኗን ይዛ ወደ ጉድጓዱ ሄደች። ከየት እንደቀዳች የነገረችኝ ከታመመች በኋላ ነው፤ ሽታ የለውም ብላ። መረመርኩት። በእርግጥም ሽታ የለውም፤ የመጸዳጃ ፍሳሽ ግን ሰርጎበታል።

ሐኪሙ ኩላሊቷ ሥራ ማቆሙን፣ የኩላሊት እጥበቱንም ሰውነቷ እንዳልቻለው ዛሬ ነገረኝ። ዘመድ ካላት ጥራ አለኝ። ስልኩን ሦስት ጊዜ አንሥቼ አፌ እምቢ አለኝ፤ ስለዚህ ይህን በአውቶቡስ ሹፌሩ እጅ ሰድጄልሻለሁ፣ ነገ ያደርስልሻል። ከእርሱ ጋር ተሳፍረሽ ነይ። ትደርሽባታለሽ ለማለት ግን ምንም ማስረጃ የለኝም። ራሷን ከመሳቷ በፊት አንቺን ጠርታ «መጣች?» አለችኝ። መንገድ ላይ ናት አልኳት። በዕድሜዬ ሳላረጋግጥ የተናገርኩት ያንን ብቻ ይመስለኛል።

ባለቤትሽን እጅ ነሥቷል በይልኝ። ትልቋን በፈተናዋ በርቺ በያት፤ መንትዮቹን ጉንጫቸውን ሳሚልኝ። አማትሽንም ጉልበታቸው እንዴት እንደሆነ ጠይቂልኝ።

ውኃውን ወደ ታችኛው በር አላዞርነውም። ውኃው ይሸታል እንጂ አይጎዳም ብለን ለሕዝቡ አላስታወቅንም። እኔም እማዬን ጠጪው አላልኳትም።

ወንድምሽ
ከሐኪም ቤቱ ሁለተኛ ፎቅ፣ መጋቢት 12 ቀን