ቲማቲም መያዝ ያቃተው እጅ

አንቺ ባለ አትክልቷ ጓደኛዬ፣

ለስልጠና ብለው የላኩኝ ለካ የብረት እጅ ቲማቲም እንዲያነሳ ላስተምር ኖሯል! ጣቶቹ ጫፍ ላይ ግፊት የሚለካ ሴንሰር አለው፤ ግን ጠዋቱን ሙሉ ወይ ይጥለዋል ወይ ይጨፈልቀዋል። መሐንዲሷ ጭራሽ «አንተስ ምን ያህል ትጫነዋለህ? በቁጥር ንገረኝ» አትለኝም? እኔ ቲማቲም በቁጥር ይዤ አውቃለሁ? በመጨረሻ ያንኑ ሴንሰር እኔ ጣት ላይ አሰረችና «በል አሳየው» አለችኝ። ሳነሳው እጄ ላይ ፈረጠ! ንዴቴ ለካ ጣቴ ድረስ ወርዷል።

«ቀስ! አትጭመቁት!» ብለሽ ደንበኛ ላይ ስትጮኺ የምስቅብሽ እኔው ነበርኩ። ይቅር በይኝ።

የፖስትካርዱ ቦታ አለቀ፤ እናትሽን ጉንጫቸውን ሳሚልኝ፣ ልጆቹንም። ጥጉ ላይ ያለችው ቀይ ነጠብጣብ ደግሞ ቀለም አይደለችም።