የአባትሽ ጋሻ

ሜይ 3 ቀን 1644
ከአክስትሽ ከአግነስ ቤት

ልጄ ቶማሲን፣ የላይደን ከተማ ብርድ አንቺን አይንካብኝ። ይህን ደብዳቤ አንብበሽ ስትጨርሺ አቃጥዪው።

አባትሽ በሕይወት አሉ። የፓርላማው ወታደሮች በመላው እንግሊዝ እንደ አባትሽ ያሉትን ጳጳሳት እያደኑ፣ አርማቸውንም በየቤተ ክርስቲያኑ እየሰባበሩ ስለሆነ ጢማቸውን ተላጭተው የአክስትሽ አትክልተኛ ሆነዋል። እስከ ትናንት ማንም አልጠረጠረም።

ትናንት ወታደሮች ውሃ ሊጠጡ ግቢያችን ገቡ። ከካቴድራሉ የነቀሉትን አንድ ጋሻ ይዘዋል፤ የአባትሽ አርማ ነው። ሻምበሉ በራሱ ቀኝ በኩል ያለውን ግማሽ ለወታደሮቹ እያሳየ፣ "ቀኝ የክብር ቦታ ነው፤ እንግዲህ ይሄ የሀገረ ስብከቱ ምልክት መሆኑ ነው" ሲል፣ አባትሽ ከጎመኑ ቀና አሉ።

"የለም ጌታዬ፣ ቀኝ የሚባለው በጋሻው ያዥ ቀኝ ነው፤ ከፊት ለሚያየው ግራው ነው። ሀገረ ስብከቱ እንደ ባል በቀኝ ይቆማል፣ የጳጳሱ የዘር ምልክት እንደ ሚስት በግራ።"

ክው አልኩ።

"አንተ ሽማግሌ፣ ይሄን ያስተማረህ ጎመኑ ነው?" አለ ሻምበሉ።

"አርማው የተሳለበትን የጳጳሱን ሰረገላ ሲወለውል የኖረ ነው" አልኩ ቶሎ ብዬ። "አፉ አያርፍም እንጂ ሌላ ጥፋት የለበትም።"

"እንግዲያው ደህና ሰው አገኘን። ነገ መዶሻ ይዘህ ካቴድራሉ ና። የጳጳሱ የሆነውን ሁሉ፣ ይሄንንም ጋሻ ጭምር፣ እያሳየህ ራስህ ትሰብራለህ።" ይሄን ሲል አንዱ ወታደር ዓይኑን ከአባትሽ ለስላሳ እጅ ላይ አልነቀለም።

ወታደሮቹ ሲሄዱ፣ "ምናለ ዝም ቢሉ?" አልኳቸው አባትሽን።

"ስህተት ነበር እኮ፣ ኡርሱላ።"

ስህተት ያሉት የሻምበሉን ነው! ደግሞ፣ "ያን ጋሻ አልሰብርም፤ ከሀገረ ስብከቴ ጋር የተጋባሁበት ነው" አይሉኝም? ደሜ ፈላ። "እኔስ? የአባቴ ምልክት እዚያ ላይ ቦታ ኖሮት ያውቃል? ለእኔ ሲሉ ይስበሩት" ብዬ እግራቸው ላይ ወደቅኩ። ደግፈው አነሱኝና ወደ ጎመናቸው ተመለሱ።

ዛሬ ጠዋት መዶሻውን ይዘው ሄዱ። እምቢ ካሉ ማንነታቸው ይታወቃል፤ ከታወቁ አንገታቸውን ነው። ካቴድራሉ ቅርብ ስለሆነ መስኮቱን ከፍቼ ጆሮዬን ጥያለሁ። እስካሁን ምንም ድምፅ የለም። ልጄ፣ የጳጳስ ሚስት ሆኜ፣ "ጌታ ሆይ፣ እጃቸውን አበርታልኝ፣ ይስበሩት" እያልኩ ስጸልይ አረፈድኩ። ፈርቻለሁ።

አንቺንም ባልሽንም ከክፉ ይሰውራችሁ። የአባትሽን ምርቃት ሲመለሱ በእጃቸው ይጽፉልሻል። ከስሜ በላይ ቦታ ትቼላቸዋለሁ።




እናትሽ ኡርሱላ