የካፒቴን ሰሊሆም እግርና የእኔ እጅ

ይድረስ ለማከብርዎ አባቴ፣

አሰላሙ አለይኩም። ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ ተሻለዎት? እማዬስ ደህና ናት? ስልክ ላይ ጆሮዎ ያስቸግርዎታል፤ ይህ ደግሞ በጩኸት የሚነገር ስላልሆነ ጻፍኩልዎ። እኔ አልሐምዱሊላህ አካሌ ደህና ነው።

ሲቀላ ሰፈር ካለው ጋራዥ ወጥቼ፣ ጥጥ ላይ መድኃኒት የምትረጭ ትንሽ አውሮፕላን ላይ ረዳት መሆኔን ያውቃሉ። ከሁለት ሳምንት በፊት አንድ ቀን ጠዋት ባትሪዋ ሞተ። አብራሪው ካፒቴን ሰሊሆም ነፋስ ሳይነሳ ልርጭ ብሎ ቸኮለ፤ አፍንጫዋ ላይ ያለውን ፕሮፔለር በእጁ አዙሮ ሊያስነሳት ቆረጠ። እኔን ውስጥ አስቀምጦ ፍሬኑን በሁለት እግሬ እንድረግጥ፣ ሌላ ምንም እንዳልነካ አስጠነቀቀኝ።

አንዴ አዞረው፤ እምቢ አለች። ደግሞ ሲያዞረው ሞተሩ ሳል ሳል ብሎ ሊጠፋ ሆነ። አባቴ፣ የጭነት መኪና ልማድ ሆኖብኝ ነዳጅ መስጫውን እስከ ጥግ ገፋሁት። አጓራች። ስደነግጥ እግሬ ከፍሬኑ ሸሸ። ካፒቴኑ ከፕሮፔለሩ ለጥቂት ቢያመልጥም ጎማው እግሩ ላይ ሄደበት። ፊት ለፊቴ ጥጥ የሚያርሙ ሴቶች ነበሩ። ሌሎቹ ሮጡ፤ ልጅ ያዘለች ቦንቱ የምትባል ሴት ግን ባለችበት ደርቃ ቀረች። ቁልፉን እንዴት እንዳጠፋሁት አላህ ያውቃል። አውሮፕላኗ ቦይ ውስጥ ገብታ ስትቆም ከክንፏ እስከ ቦንቱ ሦስት እርምጃ አይሞላም ነበር።

ሐኪም ቤት ካፒቴኑ እጄን ይዞ «ነዳጁን መንካትህን ለማንም አትንገር፤ ያስቀመጥኩህ እኔ ነኝ» አለኝ። ስለ አደጋው ለመጡት መርማሪዎችም ነዳጁን ራሱ ከፍቶ እንደተወው ተናገረ። ሁለት ቀን እንዳለኝ አደረግኩ። በሦስተኛው ቀን መርማሪዎቹ ወዳረፉበት ሴቻ ሰፈር ወጥቼ «የገፋሁት እኔ ነኝ» አልኳቸው። ጻፉት። ያልሠለጠነ ሰው ማስቀመጡ ግን ያው የእሱ ጥፋት ነው ብለው የመብረር ፈቃዱን አገዱበት፤ እኔም ከሥራ ወጣሁ። ካፒቴኑ ውሸታም አደረግኸኝ ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረብኝ።

ቢሆንም በየቀኑ ከመሄድ አልቀረሁም። ዛሬ ፊቱን ከግድግዳው መልሶ በመስኮት አየና፣ ቦንቱ ልጇን ይዛ ልትጠይቀው ደጅ እንደቆመች ነገረኝ። ከዚያ ክራንቹን አቀብለኝ አለ። ትከሻዬን ተደግፎ እስከ በሩ ሄድን።

እማዬን እጇን ስሜያለሁ፤ ወሬውን ቀስ ብለው ይንገሯት። እህቴ ሸይማ ለፈተናዋ ትበርታ። ወንድሜን ሳላዲንን ከነልጆቹ ሰላም ይበሉልኝ። እርስዎም ዱዓዎ አይለየኝ።

ልጅዎ ሙህሲን ጀማል
አርባ ምንጭ፣ መስከረም 29 ቀን 2017 ዓ.ም.