ስለ ረቡዕ ቀትሩ ሳይረን

ለክቡር አቶ ሃርላን ዊትኮምብ
የብራሽ ክሪክ ካውንቲ የአየር ጠባይ አደጋ ማስጠንቀቂያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ነብራስካ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ የቢሮዎ ጣሪያም በመልካም ጤንነት እንደምትገኙ ያለኝን ጽኑ ተስፋ እገልጻለሁ። እኔ በእህቴ ቤት ተጠግቼ አለሁ። ስለ ደከመኝ ከምስጋናዎቼ ሦስቱን ብቻ እጽፋለሁ።

፩. ስለ ረቡዕ ጠዋቱ ትንበያ አመሰግናለሁ። በሬዲዮ እንዳስነገሩት፣ ከደቡብ የሚመጣው ሞቃት አየር ከእኛ ቀዝቃዛ አየር ጋር የሚገናኝበት መስመር እስከ ማታ ከካንሳስ ድንበር አያልፍም፤ ነጎድጓዱም ቶርኔዶ የሚባለው አዙሪት ነፋስም እዚያው መስመሩ ላይ ይቀራሉ፤ እኛ ጭጋጋችንን ታቅፈን እንውላለን። መስመሩ ግን ሬዲዮ አልከፈተ ኖሮ ረፋድ አምስት ሰዓት ላይ ደረሰ። ጭጋጉ ተገፈፈ፣ ከምሥራቅ ይነፍስ የነበረው ነፋስ ከደቡብ መጣ፣ የመስኮታችን መስታወት አላበው። ሃምሳ ዓመት በቆሎ ያረሰው ባለቤቴ ላዲሚር ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቆ ገባና፣ «ቭላስታ፣ ይሄ ሙቀት ምንም ደስ አላለኝም» አለኝ። ወደ ቢሮዎ ደወልኩ። ስልኩን ያነሡት ወይዘሪት ትንበያው እንዳልተለወጠ በትሕትና ገለጹልኝ።

፪. ስለ ሰዓት አክባሪነትዎ አመሰግናለሁ። ሳይረኑ ዘወትር ረቡዕ ቀትር ላይ ለሙከራ ስለሚጮህ፣ ከተማችን ሠላሳ ዓመት ሾርባዋን የምታቀርበው በእርሱ ነው፤ ውሻችን እንኳ ጆሮውን አያነሣም። የራስዎ መመሪያ ሰማይ ሲጠቁር ሙከራው እንዲቀር ያዛል። የዚያን ረቡዕ ደቡብ ምዕራቡ ጥቁር ብሎ ሳለ፣ ትንበያው አልተለወጠምና ሳይረኑ በሰዓቱ ጮኸ። «ላዲ፣ ምድር ቤት እንውረድ» አልኩት። «ተይ እንጂ ሴትዮ፣ የረቡዕ ነው! ይልቅ ያንን ኮምጣጣ ኪያርሽን አምጪልኝ፣ ሾርባው ሳይቀዘቅዝ» አለኝ። ኪያሩ ምድር ቤት በጠርሙስ ተቀምጦ ነበርና ወረድኩ። ጠርሙሱን ከመደርደሪያው እንዳነሣሁ ቤቱ ከላዬ ሄደ። ላዲሚርን ከጎረቤት ማሳ ውስጥ አገኙት።

፫. ከሁሉ በላይ የማመሰግንዎ ስለ ሪፖርትዎ ነው። ቶርኔዶው ከቀትር አራት ደቂቃ በኋላ ስለ ደረሰ፣ ነዋሪዎች አራት ደቂቃ አስቀድሞ በሳይረን ማስጠንቀቂያ እንደ ተሰጣቸው ለግዛቱ መንግሥት አስታውቀዋል። እኛ ሙከራ ነው ብለን የተቀመጥንበትን፣ እርስዎ ማስጠንቀቂያ ነበር ብለው አሻሻሉት። ሌላ ማስጠንቀቂያ እንዳልነበረ ግን ሳይጽፉት ቀርተዋል፤ ቦታ ጠብቦዎት ይሆናል ብዬ ይቅርታ አድርጌልዎታለሁ።

የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ደመና ባለበት ረቡዕ ሳይረኑን ለሙከራ አያስጩኹት። በሌላ ቤት ሌላ ሰው ሾርባ ቀርቦለት ተቀምጧል። እኔ ላዲሚር ናፍቆኛል፤ ከዚህ በላይ ለመቆጣት አቅሙ የለኝም።

ለአገልግሎትዎ ያለኝን ጥልቅ አክብሮት፣ ከቤቴ ከተረፈው አንድ የኪያር ጠርሙስ አጠገብ ሆኜ የማቀርብ፣

ታዛዥ ነዋሪዎ
ቭላስታ ኮቫርዢክ

በተጨማሪ፦ የላኩልኝን መጠይቅ ሞልቼ አያይዣለሁ። በቤታችን ሳይረኑን ስንት ሰው እንደ ሰማ ለሚጠይቀው፣ «ሁለት» ብዬ ጽፌያለሁ። ሁለታችንም ጥርት አድርገን ሰምተነዋል።