ልጅቷ ዓይኗን የገለጠችባቸው ሁለት ሰከንዶች

ለቀድሞው ባለቤቴ፣

አጀማመሩ ጠፍቶኝ ሦስት ወረቀት ቀድጃለሁ። «ውዴ» ብል ትስቅብኛለህ፤ «ክቡር ደራሲ» ብል ደግሞ እኔው እስቃለሁ። ስለዚህ እንዲሁ ልጠይቅህ፤ እንዴት ከረምክ? ወገብህ እንዴት ሆነልህ? አሁንም ወንበር እያለ ቆመህ ነው የምትበላው? በሬዲዮ ስሰማህ ድምፅህ ጎርነን ብሏል። ጉንፋን ከሆነ ታከም፤ እርጅና ከሆነ አብረን ነን። እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልህ እበላለሁ፣ እሠራለሁ፣ ደረጃ ስወጣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ አረፍ እላለሁ ማለቴ ነው። ደክሞኛል። ይህም የደከመ ሰው ደብዳቤ ስለሆነ አንተ እንደምትጽፈው የተስተካከለ ነገር አትጠብቅብኝ።

የምጽፍልህ ስለ ፊልሙ ነው። መቼም ሌላ ጉዳይ የለንም።

ከወጣ ይኸው አምስተኛ ሳምንቱ ነው፤ በሄድኩበት ሁሉ ሰው ይጣላበታል። ኤዲት ያደረግኩት እኔ መሆኔን የሚያውቅ የለም። የኤዲተር ስም ስክሪኑ ላይ ሲያልፍ ሰዉ ተነስቶ ኮቱን እየለበሰ ነው፤ ሃያ ስድስት ዓመት እንዲሁ ኖሬበታለሁ፣ ቅር ብሎኝም አያውቅም። ባለፈው ሳምንት የጥርስ ሐኪሜ ሁለት ጣትና አንድ ብረት አፌ ውስጥ ከትቶ ስለ ፊልሙ ያለውን አስተያየት ዘረገፈው። «ሦስት ሰዓት ሙሉ የጠፈር መርከብ ሲሄድ! የሚቆርጥ ሰው የላቸውም እንዴ?» አለ። የምትቆርጠው ሴትዮ አፏን ከፍታ ፊቱ ተጋድማለች። ነርሷ ግን አልታገሰችውም። ሁለት ጊዜ አይታዋለች፤ ከዚያ ሁሉ ዝምታ በኋላ ቤቷ ገብታ ቴሌቪዥን መክፈት እንዳስጠላት ነገረችው። ግንባሬ ላይ ሆነው ተነታረኩ። በመጨረሻም ሰዉ ሁሉ ከሚደርስበት ቦታ ደረሱ፤ መርከቡ ውስጥ የተኛችው ልጅ ነቃች ወይስ አልነቃችም? እሱ ነቅታለች፣ ይህም ማጭበርበር ነው አለ። እሷ ደግሞ አልነቃችም፣ ያየነው የአባትየውን ምኞት ነው ብላ ድርቅ አለች። እኔ አፌን ተጉመጥምጬ ወጣሁ።

ጋዜጣውም ያው ነው። አንዱ «የዘመናችን ትልቁ ሥራ» ብሎ ሲጽፍ ሌላው እዚያው ገጽ ላይ «በጣም ውድ የሆነ እንቅልፍ» አለው። ታላቅ እህቴንማ ታውቃታለህ፤ መብራቱ እንደጠፋ ነው ጭልጥ ብላ የተኛችው። መርከቡ ሲነሳ ተኛች፣ ማሽኑ ሲበላሽ ተኛች፣ አንተ በመጽሐፍህ ላይ አራት ዓመት የለፋህበትን ነገር ሁሉ ተኝታ አሳለፈችው። መጨረሻው ላይ ምን እንደቀሰቀሳት እንጃ፣ ልክ ልጅቷ ዓይኗን ስትገልጥ ቀና ብላ «እሰይ!» አለች፣ አዳራሹ ሁሉ እስኪዞርባት። በሐፍረት መሬት ውስጥ ልገባ ነበር። መኪና ውስጥ ገብተን ግን ቤት እስክንደርስ እጄን ይዛኝ ነበር። ያኔ ነው የገባኝ። እሷ ገብቷታል።

አንተ ግን አልገባህም። የጠበቅኩት ከአንተ ነበር።

መጽሐፍህን ለራስህ መተረክ ሞኝነት ነው፤ እኔ እንዴት እንዳነበብኩት ግን አታውቅም። ሲታተም በፖስታ ላክልኝ ብዬህ አልነበረም፤ ራስህ ነህ የላክኸው። ከሥራ ገብቼ ኮቴን ሳላወልቅ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ጀመርኩት። አራት መቶ ሰው በመስታወት ሣጥን ተኝቶ ዘጠና ዓመት የሚጓዝበት መርከብ፤ በየዘጠኝ ዓመቱ ለአንድ ሳምንት እየነቃ ማሽኖቹን የሚፈትሽ ሰዓት ሠሪ፤ አጠገቡ የተኛች የሰባት ዓመት ልጁ። አስቂኝ ነገርም ነበረበት፣ ሰዓት ሠሪው ከማሽኑ ጋር የሚጨቃጨቅበት ቦታ ብቻዬን አስቆኛል። ከዚያ ልጅቷ ሣጥኑ ውስጥ ስትገባ «ማን ነው የሚቀሰቅሰኝ?» ብላ ትጠይቀዋለች። ሰዓት ሠሪው «እኔ» ይላታል። በመጨረሻው፣ በአሥራ አራተኛው ምዕራፍ ሲነቃ የእሷ ሣጥን መሥራት ካቆመ ሰባት ዓመት ሆኖታል።

መጽሐፉን ዘግቼ ኮቴን እንደለበስኩ ቆየሁ።

ያን ጠዋት ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ አንተ አልነበርክም። ቅጽ ልትፈርም ታች ወርደህ ነበር። ተሽከርካሪው አልጋ በሩ ላይ ቆሞ፣ ነርሷ ጸጉሯን በአረንጓዴ ቆብ እየሸፈነችላት፣ ልጃችን «ማን ነው የሚቀሰቅሰኝ?» ብላ የጠየቀችው እኔን ነው። «እኔ» ያልኳትም እኔ ነኝ። ፈገግ ብላ ነው የገባችው፤ አምናኝ ነው የገባችው። ከዚያ በኋላ ያለውን አንተም ነበርክበት፣ አልጽፈውም።

ይህን የነገርኩህ አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ከመለያየታችን በፊት ወጥ ቤት ቆመህ ሳህን ስታጥብ። ውሃውን ዘጋህ፣ መልሰህ ከፈትከው። እኔም ያልሰማኸኝ መሰለኝ። ለካ ሰምተኸኝ ኖሯል። ጥያቄዋን ወሰድክ፣ መልሴንም ወስደህ ለሰዓት ሠሪው ሰጠኸው። አልተቀየምኩህም ብል ዋሸሁ። ግን ደግሞ ያንን ምዕራፍ ከዚያ በተሻለ ማንም አይጽፈውም፤ ይህንንም ሳልነግርህ መሞት አልፈልግም። እንደሐኪም ነው የጻፍከው፣ እጅህ ሳይንቀጠቀጥ። ይህም ነው ያስቀየመኝ፣ እጅህ አለመንቀጥቀጡ።

ዳይሬክተሩ ሥራውን ይዞልኝ ሲመጣ እምቢ ማለት ነበረብኝ። ስድስት ዓመት የለፋበት ነው፤ ይህ መጽሐፍ ፊልም አይሆንም ያላለው ሰው አልነበረም። «ሌላ ሰው ልፈልግ?» ብሎ ጠየቀኝ፤ የሃያ ዓመት ጓደኛህ ነውና ሁሉን ያውቃል። «ምን ቆርጦህ!» አልኩት። የጉራ መልስ ነበር። ከሌላ ሰው እጅ እኔ እሻላለሁ ብዬ ነው እንጂ ሥራ አጥቼ አይደለም።

አሥራ አራተኛውን ምዕራፍ እንደጻፍከው ነው የቀረጹት። እኔም እንደጻፍከው ነው የቆረጥኩት፣ ሦስት ጊዜ። የመጀመሪያው ረዘመ፣ ሁለተኛው አለቃቀሰ፣ ሦስተኛው ልክ መጣ። ሰዓት ሠሪው መስታወቱን ሲያብስ፣ ፊቷ፣ ከዚያ ጨለማ። ዳይሬክተሩ አይቶ «ይኸው ነው» አለ። ጨርሰን ነበር ማለት ነው።

በማግስቱ ጠዋት ትርፍራፊውን ላጸዳ ገባሁ። እንደምታውቀው አንድ ቀረጻ «ከት» ሲባል ያልቃል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ሳናይ ነው የምንጥለው። ያ ትዕይንት በተቀረጸበት ዕለት ግን ካሜራማኑ ጉንፋን ይዞት ኖሮ «ከት» ሲባል ሲያስነጥስ ካሜራውን ማጥፋት ረስቶታል። ሕፃኗ ተዋናይ ደግሞ መስታወት ውስጥ ግማሽ ሰዓት ዓይኗን ጨፍና የተኛች ናት፤ «ከት» ስትሰማ አለቀልኝ ብላ ዓይኗን ገለጠችው። ፈገግ አላለችም። ወደ ግራ ዞር ብላ እናቷን ፈለገች፤ እናትየው መብራቱ ጋ ቆማ ነበር። ሁለት ሰከንድ፤ አርባ ስምንት ፍሬም። ከዚያ የካሜራማኑ እጅ መጥቶ ሸፈናት።

ስንት ጊዜ እንዳየሁት አልቆጠርኩም። ምሳ ሰዓት አለፈ። ከዚያ ድምፁን አጥፍቼ አርባ ስምንቱን ፍሬም ከፊልሙ መጨረሻ፣ ከጨለማው በፊት ቀጠልኩት። ፊልሙ እንዲያምር ብዬ አይደለም። ተመልካች እንዲከራከርበት ብዬም አይደለም፤ ጋዜጦቹ «ድፍረት» ያሉት ነገር በሐሳቤም አልነበረ። ለአንድ ሰው ቃል ሰጥቼ ነበር። ቃሌን የምጠብቅበት ሌላ ቦታ አልነበረኝም።

ዳይሬክተሩ ሲያየው «ይህ ከየት መጣ?» አለኝ። «ከት ካልክ በኋላ ያለ ነው» አልኩት። መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ፣ «ይቆይ» አለ። ለምን ብሎ አልጠየቀኝም። ከዚያ ወዲህ የመጽሐፍህ አንባቢዎች ሲያወግዙት፣ በየስብሰባው ሲጠየቅ፣ «ውሳኔው የእኔ ነው» ሲል ነው የቆየው። ስልኩንም እንደማታነሳለት ሰምቻለሁ። አንሳለት። ጥፋት ካለ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እሱ ያደረገው ነገር ቢኖር ሲያየኝ ዝም ማለቱ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ሬዲዮው ልምጣ። ታክሲ ውስጥ ሆኜ ነው የሰማሁህ። ጋዜጠኛዋ ስለ መጨረሻው ጠየቀችህ፤ አንተም ቀስ ብለህ፣ ያንን በደንብ የማውቀውን ትንፋሽህን ወስደህ፣ «ያቺን ልጅ ያስነሳ ሰው ሐዘን ምን እንደሆነ አያውቅም» አልክ። ሹፌሩ «እውነቱን ነው» ብሎ ራሱን ነቀነቀ። «ወራጅ አለ» አልኩና ሰፈሬ ሳልደርስ ወረድኩ። መንገዱ ዳር የሚያብረቀርቅ የጫማ ቤት መስኮት ነበር፤ ጫማ የምመርጥ መስዬ ቆምኩ። ስንት ሰው ስንት ነገር ብሎኛል፤ እናትህ እንኳ በዚያ ሰሞን ያሉኝን ታውቃለህ። እንዲህ ግን ማንም አልመታኝም። አንተ ደግሞ የመታኸኝ ማንን እንደምትመታ ሳታውቅ ነው፣ ልናደድብህ እንኳ አልቻልኩም።

ምናልባት እውነትህን ይሆናል። ብዙ አሰብኩበት። አንተ ሐዘንን የምታውቀው ሳይነኩት እንዳለ በማስቀመጥ ነው፤ ማንም እንዳያነሳው፣ ማንም እንዳያስተካክለው። አንተ አሥራ አራተኛውን ምዕራፍ እስክትጽፍ ተኝተህ አታውቅም፣ ከጻፍከው በኋላ ግን እንቅልፍ እንደመጣልህ ነግረውኛል። እኔ ደግሞ መጽሐፍህን ካነበብኩ ጀምሮ ነው እንቅልፍ ያጣሁት፣ እነዚያን ሁለት ሰከንዶች እስክቀጥል ድረስ። እኩል አዝነናል ልልህ አይደለም፤ ማን ይለካዋል? አያውቅም አትበለኝ ነው የምልህ።

ዛሬ ጠዋት የፕሮዲዩሰሩ ትእዛዝ ጠረጴዛዬ ላይ ደርሷል። ጠበቃህ ውሉን አሳይቶ አሸንፏል፤ ሐሙስ ወደ ሌሎች ከተሞች የሚሄደው ቅጂ እነዚያ ሁለት ሰከንዶች እንዳይኖሩበት፣ ኤዲተሯም እስከ ረቡዕ ቆርጣ እንድትፈርም ይላል። መብትህ ነው፤ መጽሐፉ የአንተ ነው። ዳይሬክተሩን ብጠይቀው «እንደፈለግሽ» አለኝ። ድምፁ እንደ እኔው ደክሟል።

አልከራከርህም። በእጄ ግን አላደርገውም። አንድ ጊዜ አልቀሰቀስኳትም፤ ሁለተኛ በገዛ እጄ አላስተኛትም።

ስለዚህ ረቡዕ ጠዋት ና። ሦስተኛ ፎቅ፣ ከደረጃው በስተቀኝ፤ ሊፍቱ አይሠራም፣ ለወገብህ እያረፍክ ውጣ። ከወንበሬ አጠገብ ሌላ ወንበር አስቀምጥልሃለሁ። ፊልሙን ሙሉውን አላሳይህም፣ አልፈልግብህም። ሁለቱን ሰከንድ ብቻ እከፍትልሃለሁ። ወደ ግራ ስትዞር እያት፤ ሰው ስትፈልግ እያት። ከዚያ የሚጠፋበትን ቁልፍ አሳይሃለሁ። አንድ ቁልፍ ነው፣ በአንድ ጣት ይሠራል። ከተጫንከው ወረቀቱ ላይ ፈርሜ እሰጥሃለሁ፣ ደግሜም አላነሳብህም። መጫን ካቃተህ ምንም እንድትለኝ አልጠይቅህም፤ በሩን ሳትዘጋው ብቻ ውጣ፣ ክፍሉ አየር የለውም።

ፈጣሪ ጤናህን ይስጥህ። ወገብህን ያበርታልህ፣ እጅህን ከብዕር አይለይብህ፣ እንቅልፍህንም አይንሳህ። በምንም ሐሳብ ብትመጣ፣ ባትመጣም እንኳ፣ ክፉ አይንካህ።

የልጅህ እናት