መንትያነቴን ለማንማን

ዛሬ በነብር ዓመት፣ በአሥረኛው ወር በስድስተኛው ቀን፣ እኔ ዪን ቺዩሉ፣ የኩላሊት ሕመም ሰውነቴን ቢያሳብጠውም ልቡናዬ ሳይዛባ፣ ማንም ሳያስገድደኝ ይህን ቃሌን እሰጣለሁ። የሚጽፉልኝ የእናቴ ወንድም አጎቴ ታን ዴሹን ናቸው። እኔንም ሁለቱን ታናናሾቼንም ያዋለዱን እማማ ፓንግ አልጋዬ አጠገብ ተቀምጠዋል። አባቴ ደጃፉ ላይ ቆሞ ይሰማል።

የተወለድኩት ከአሥራ ስድስት ዓመት በፊት፣ በውሻ ዓመት ነው። በመንግሥት የተፈቀደው አንድ ልጅ ብቻ ስለነበር አባቴ ያ አንዱ ወንድ እንዲሆንለት ብሎ ሳያስመዘግበኝ ቀረ። ከአራት ዓመት በኋላ ወንድሜ ጓንግፑ ሲወለድ፣ መንትያ እንደ አንድ ወሊድ ስለሚቆጠር፣ መንትዮች ናቸው ተብለን አብረን ተጻፍን። አባቴን አልተቀየምኩም ብል ውሸት ይሆናል። ትምህርት ቤት የገባሁት ጓንግፑ ሲደርስ ነው። ቁመቴ ከክፍሉ ልጆች ሁሉ ይበልጥ ስለነበር፣ «አንቺ ከእናትሽ ሆድ ስትወጪ እሱን እዚያው እንቅልፍ ጣለው እንዴ?» ይሉኝ ነበር። ሁለት ዓመት ተምሬ ተውኩት።

ጥጥ የገባበትን ቀይ ካፖርቴን እናቴ በራሷ ልክ አሰፍታ ትልበሰው። ዳክዬዎቼ ለጓንግፑ ይሁኑ፤ የሚስቁብኝን በድንጋይ ያባረረልኝ እሱ ብቻ ነው።

ሌላ ያለኝ ነገር መዝገብ ላይ ያለው ስሜ ነው። እሱን ለታናሽ እህቴ ለማንማን አወርሳለሁ። ማንማን ከጓንግፑ በአንድ ዓመት ብቻ ታንሳለች፤ ሆኖም የትም አልተጻፈችም። ተቆጣጣሪ በመጣ ቁጥር የስኳር ድንች ማከማቻ ጉድጓድ ውስጥ እንደብቃታለን። መዝገቡ ፎቶ የለውም፤ እዚያ የተጻፈው፣ ለእኔ ያጠረኝ ዕድሜ ለእሷ ልኳ ነው። ስለዚህ መሞቴ አይነገር። ከወንዙ ማዶ፣ እኔን በማያውቁበት ትምህርት ቤት ዪን ቺዩሉ ተብላ ትግባ፤ ጓንግፑም መንትያዬ ናት ይበል። እኔን ከሻይ ማሳው በላይ ድንጋይ ሳታቆሙ ቅበሩኝ። እናቴ ሆይ፣ ጮክ ብለሽ አታልቅሺ፤ የመንደሩ ጸሐፊ ማን ሞተ ብሎ ይጠይቃል።

ማንማን ከእግርጌዬ ሆና፣ «እትዬ፣ እኔ አንቺን ከሆንኩ አንቺን ማን ብዬ ልጥራሽ?» አለችኝ።

«አትጥሪኝ» አልኳት።

አጎቴ ይህን ንግግራችንን አልጽፍም ብለው ነበር፤ ይጻፍ ብያለሁ። ወረቀቱ አባቴ ቃሌን እንዳያጥፍ እስክቀበር ይቆይ፤ ከዚያ ይቃጠል።

ምስክሮች፦ ታን ዴሹን፣ ፊርማ። እማማ ፓንግ፣ የጣት አሻራ።

ተናዛዥ፦ ስሜን ሰጥቻለሁና አልፈርምበትም። የአውራ ጣቴን አሻራ አትሜያለሁ።